የሎቤዱ ምላስ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

እንደ ወትሮው ከሁሉም ቀድሜ ግቢ ገባሁ። ዘበኛው ሳቀብኝ። «ቁልፉን ለአንቺ ልስጥና እኔ ልተኛ?» ይሳቅ። ሁለት ዓመት የኢንጂነሪንግ ዲግሪዬን ይዤ አዴት እናቴ ቤት ተቀምጬ… አሁን ፍኖተ ሰላም፣ ሥራ፣ ስሜ የተጠለፈበት ቱታ። እንዴት አልቸኩል?

ዛሬ ከባድ ማሽን የሚጭነውን ሎቤድ ተረከብኩ። ድሮ የጦር መኪና ነበር። የገበሬዎች ዩኒየናችን በጨረታ ገዝቶ ቢጫ አስቀባው፣ ሰው እንዳይደነግጥ። አሁን ስንዴ የሚያጭደውን ኮምባይነር ከመንደር መንደር ያመላልሳል። ግን ከኋላ በኩል ቀለሙ ተልጦ አረንጓዴው ይታያል። ገበሬው መንገድ ላይ ሲያየን አሁንም ጥግ ይይዛል አሉ።

የኋላ መወጣጫው አንድ ወጥ ብረት ነው። ስምንት ኩንታል ይሆናል። ሲወርድ ኮምባይነሩ በላዩ ይወጣል፤ ሲነሳ እንደ በር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሾፌሩ ጋሽ ክንዱ «ምላሱ» ነው የሚሉት። ምላሱን ላንሳ፣ ምላሱን ልዘርጋ… ከሠራዊት ይዘውት የመጡት አነጋገር ነው።

ማጠፊያዎቹን አጠብኩ፣ ግራሶ ሞላሁ። የዘይት ቱቦዎቹን አየሁ። ጭቃውን ጠረግሁ። ስጨርስ ሥራ አስኪያጁ አቶ ወንዳወቅ ቅጽ ይዘው መጡ። «ትሕትና፣ እዚህ ላይ። ተመርምሯል፣ ደህና ነው። መኸሩ ደርሷል።»

ፈረምኩ። ከነአባቴ ስም። እንዲያውም ቆንጆ አድርጌ።

የሙከራ ጊዜዬ ታኅሣሥ ውስጥ ያልቃል። ከዚያ ቋሚ…

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

የዛሬው ያሳፍራል። ቢሆንም ልጻፈው።

ምላሱ ሲነሳ እንዳይወድቅ ከጎኑ ወፍራም ፒን ይገባበታል። የሚያነሳው ጃክ ቢደክም እንኳ ፒኑ ይይዘዋል። ማክሰኞ ቀዳዳው በግራሶና በአፈር ተደፍኖ ነበር፤ ጫፉን ብቻ ነው ያየሁት። ዛሬ አወጣሁት። ፒን አይደለም። ፌሮ ነው! ቤት የሚሠራበት ፌሮ… ቆርጠው፣ ጫፉን በመዶሻ ደብድበው።

«ጋሽ ክንዱ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ፒን።»

«ፌሮ እኮ ነው!»

«ስሙን አልጠየቅሁትም። ሁለት መኸር ይዟል።»

«ዋናውስ የት ሄደ?»

«ቡሬ መንገድ ጭቃ ውስጥ ነው። ከፈለግሽ ቆፍሪ።»

ስለ ሰንሰለቱም ጠየቅሁ። ፒኑ ቢለቅ ምላሱን አንጠልጥሎ የሚያስቀር ሰንሰለት መኖር ነበረበት። ክረምት ላይ ደጀኔ የሰመጠ ትራክተር ጎትቶበት ተበጥሷል። ደጀኔ ኮምባይነሩን የሚነዳው ነው፤ የሦስት ልጆች አባት፣ ለእሱ ነገር ሁሉ ቀልድ። «ትራክተሩን ግን አወጣነው» አለኝ።

ጋሽ ክንዱ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «አንቺ ልጅ፣ ማክሰኞ ፈርመሽ የለ እንዴ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።»

እውነታቸውን ነው። የሚያመውም እሱ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ለአቶ ወንዳወቅ ነገርኳቸው። መሳቢያውን ከፈቱ፣ ወረቀቱን አወጡ፣ ፊርማዬ ላይ ጣታቸውን አኖሩ።

«ይኼ የማን ነው?»

«የኔ። ግን ሳላወጣው ነው የፈረምኩት…»

«አራት ቀበሌ ተመዝግቦ ይጠብቃል። ፒኑን አሠሪ፣ አልከለከልኩም። ሎቤዱ ግን አይቆምም።»

ቡሬ ብረት የሚቀርጽ አንድ ቶርኖ ቤት አለ። ደወልኩ። ሰውዬው «ብረቱ አለ። መብራት ከመጣ በሁለት ቀን» አለኝ። ከመጣ…

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ቡሬ መብራት የለም። ዛሬ ደግሞ መንገዱም ተዘግቷል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ትናንት ሰው ሁሉ ከሥራ ሲወጣ ዙሪያውን በርሜል ደረደርኩ፣ ምላሱ እንደተነሳ ፌሮውን አወጣሁት። ጃኩ ብቻውን ይያዘው ብዬ። ጃኩ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። ዛሬ ጠዋት ሳየው አራት ጣት ወርዷል።

ስለዚህ ጃኩ አይዝም። ክብደቱን ሁሉ የተሸከመው ያ ፌሮ ነው። ብቻውን።

ለጋሽ ክንዱ ምልክቱን አሳየኋቸው። «ጃኩ አርጅቷል። እኔም አርጅቻለሁ። ወደቅሁ?»

«እሺ ቢያንስ ስንቆም ምላሱ መሬት ላይ ይሁን። መመሪያውም እንደዚያ ነው የሚለው። ወርዶ ከተኛ የሚወድቅበት የለም።»

«ምላሱን ዘርግቶ የሚተኛ ውሻ ነው። ወታደር የሚቆመው ለመሄድ ነው።»

ደጀኔ በሳቅ ሞተ። እኔም ፈገግ አልኩ መሰለኝ። ለምን ፈገግ አልኩ?

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ሰማዩ ደመና አዝሏል። በኅዳር! የአቶ ወንዳወቅ ስልክ አያርፍም፤ ገበሬው ሁሉ «ስንዴዬ ሳይመታ» ይላል። ነገ ጠዋት ከጅጋ ወዲያ ወዳለው መንደር ውጡ ተባለ። አልሄድም ማለት ነበረብኝ? አልኩ በልቤ። በአፌ ያልኩት ግን «እኔም አብሬ ልሂድ» ነው።

ሠላሳ ሜትር ቀይ ገመድ ገዛሁ። ምላሱ በተነሳ ቁጥር ዙሪያውን እወጥረዋለሁ፣ ሰው አያልፍም። ደጀኔ አየውና «ኢንጂነር፣ ፍየል ልታረቢ ነው?»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ከየት ልጀምር…

በሰላም ደረስን። ኮምባይነሩ ወረደ። ጋሽ ክንዱ ልማዳቸው ነውና ምላሱን መልሰው አነሱት። ፌሮውን ከተቱ። እኔ ገመዴን ወጠርኩ፣ አራት ካስማ ተክዬ። ከዚያ ደጀኔ ጠርቶኝ ወደ ማሽኑ ሄድኩ። ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።

ስመለስ ገመዱ የለም። ማዶ በቅሎ ታስራበታለች።

የመሪጌታ ሃይለ ሚካኤል በቅሎ ነች። የመንደሩ ትልቅ የቅኔ መምህር ናቸው። ኮምባይነሩ እህል ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሊባርኩ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር መጥተዋል። እርሻው ላይ አንድ ዛፍ የለም። ጥላ ያለው የቆመው ምላስ ሥር ብቻ ነው። ወጣቶቹ ቀድመው ተቀምጠውበት ነበር፤ ሽማግሌዎቹን ሲያዩ ብድግ ብለው ለቀቁላቸው። ድንጋይ አመቻቹላቸው። ጋቢ አነጠፉላቸው። በክብር… ስምንት ኩንታል ብረት ሥር።

ቀረብ ብዬ እጅ ነሳሁ። ምን አልኩ? ይኼን ልጽፈው ይገባል፣ ቃል በቃል።

«አባቶቼ፣ ወዲያ ማዶ ነፋሱ ደስ ይላል… ወዲያ ቢሉ።»

«እግዜር ይስጥልን ልጄ፣ እዚሁ ይበቃናል» አሉ መሪጌታ።

«አይ፣ ፀሐዩ ሲዞር እዚህ እንዳይመታዎት ብዬ…»

«ሲዞር እንዞራለን።» ሳቁ። ሦስቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ!

ጋሽ ክንዱን ዓይን ዓይናቸውን አየሁ፣ አንድ ነገር እንዲሉልኝ። ጋቢና ውስጥ ሆነው ሬዲዮ ያስተካክላሉ።

ያን ጊዜ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። በጎን ዞሬ አየሁ። ፌሮው ቀስት ሆኗል። ጎብጧል። ቀዳዳውን እየለቀቀ… ወይስ መሰለኝ?

«ተነሱ! ውጡ ከዚያ! ተነሱ!»

ማንም አልተነሳም። ማን ላይ ነው የምትጮኸው ብለው ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ። ሮጥኩ። መሪጌታን በጋቢያቸው ይዤ ጎተትኩ። በግንባራቸው ወደቁ። ጥምጥማቸው ተፈቶ ገለባው ላይ ተዘረጋ። ሌሎቹ እሳቸውን ለማንሳት ሲራወጡ ከብረቱ ሥር ወጡ።

ምላሱ ቆሟል።

ሁላችንም አየነው። ቆሟል። አልወደቀም። ጋሽ ክንዱ ከጋቢና ወርደው፣ ማንሻውን ይዘው፣ ቀስ አድርገው መሬት አስተኙት። 

«የማን ልጅ ናት?» አለ አንዱ።

«ካህን ትጎትታለች እንዴ! ምነው፣ ወላጅ የላትም?»

የመሪጌታ መዳፍ ተልጦ ደም ነበረው። ጥምጥሙን ላንሳ ብዬ ጎንበስ ስል አንዲት ሴት እጄን መታችኝ።

ኮምባይነሩ እዚያው ቀረ፤ እኛ ተመለስን። 

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

አከራዬ እትዬ እማዋይሽ በር ላይ ጠበቁኝ። «ከጅጋ ተደውሎ ሰማሁ። መነኩሴ ደበደበች ነው የሚሉት። ውሸት ነው በይኝ።»

«መነኩሴ አይደሉም። አልደበደብኩም። ጎተትኩ።»

«ጎተትሽ…» አሉ። አማተቡ። ገቡ።

እናቴም ደወለች። ወሬው አዴት ድረስ ደርሷል! አላለቀሰችም፤ «መቼ ትመጪያለሽ?» ብቻ አለች። እሱ ይብሳል።

አቶ ወንዳወቅ፦ «የዩኒየኑን ስም አጥፍተሻል። ሄደሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። ደብዳቤም አለብሽ።»

«ፌሮው ጎብጦ ነበር። አምጥቼ ላሳይዎት።»

ሮጬ ሄድኩ። ቀዳዳው ውስጥ አዲስ ፌሮ አለ። ቀጥ ያለ፣ ገና የተቆረጠ።

«ጋሽ ክንዱ፣ የትናንቱስ?»

«የቱ የትናንት?»

ዓይኔን አላዩም።

ጎብጦ ነበር? በእርግጥ አይቻለሁ? ያ ቀጭ ያለው የኮምባይነሩ ድምፅ ቢሆንስ…

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። ከተማው ገና ሳይነጋ በጭስ ታፍኗል፤ በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል። ሳልኩ እስክሰነጠቅ።

ደጀኔ መናኸሪያ ጠበቀኝ። አልጠራሁትም። «የይቅርታ ድንጋይ መምረጥ አትችይም ብዬ ነው» አለ። እውነትም ትልቅ ልይዝ ነበር። «ይቺ ትበቃሻለች። ያጠፋሽው ግማሽ ነው።»

ቅዳሴ ሲወጣ ከመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ድንጋዩን አንገቴ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ሰው ከበበኝ። መሪጌታ እጃቸው በጨርቅ ታስሯል። አንዱ ሽማግሌ «ይቅር ለእግዚአብሔር ይበሉን» አሉ። መሪጌታ ግን ቶሎ አላሉም።

«ብረቱ ወደቀ?»

«አልወደቀም አባቴ።»

«ታዲያ ምን አይተሽ ነው?»

ነገርኳቸው። ፒኑን፣ ፌሮውን፣ በጠመኔ ያደረግሁትን ምልክት። ፊርማዬንም። ይኼን ለማንም አልተናገርኩም ነበር፣ ሕዝብ መሀል ወጣ።

መሪጌታም፦ «መጀመሪያ የነገርሽን ስለ ነፋስ ነበር።»

«አዎ አባቴ።»

«ቀጥለሽ ስለ ፀሐይ።»

«አዎ።»

«ስለ ብረቱ ለምን አልነገርሽንም?»

አፈርኩ። ላዝዝዎት እንዴት ይሆናል አልኩ። ለሽማግሌ ትእዛዝ አይሰጥም ብዬ…

«ልጄ፣ ሰምና ወርቁን ለተማሪዎቼ ተዪልኝ። እኔ እዚያ ሥር ተቀምጬ ቅኔሽን ልፈታ ነበር?» ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «አክብረሽ ልትገድዪኝ ነበር እኮ። ድንጋዩን አውርጂ። ለጎተትሽኝ ይቅር ብያለሁ። ለነፋሱ ግን ገና ነኝ።»

ስንመለስ ደጀኔ «አዛውንቱ ነገር ያውቃሉ» አለ።  ለነፋሱ ገና ነኝ… እስከ ቤቴ አብሮኝ መጣ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ቀድጄ በአራተኛው።

«ጥቅምት 25 ቀን ሎቤዱን ደህና ነው ብዬ የፈረምኩት ፒኑን አውጥቼ ሳላይ ነው። ስህተቴ ነው። ፒን፣ ሰንሰለትና ጃክ እስኪስተካከል መወጣጫው ሥራ ላይ እንዳይውል አሳስባለሁ።» ይኼው ነው። አንዱን ለአቶ ወንዳወቅ፣ አንዱን ለቦርዱ።

አቶ ወንዳወቅ ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ራስሽን እየከሰስሽ እንደሆነ ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«ኮምባይነሩ እዚያ መንደር ነው። ቀጣዩ መንደር ምን ልበለው?»

«እውነቱን።»

ድምፄ ቀጠነ። ግን ወጣ። ለቦርዱ ስለደረሰ ሊሽሩት አልቻሉም። ሎቤዱ ቆመ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ዘነበ። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ቆርቆሮው ላይ እያንዳንዷን ጠብታ ሰማሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

እንድሪያስ የሚባል ገበሬ ቢሮ መጣ። ተራው የነበረው የእሱ መንደር ነው። ከኪሱ አንድ እፍኝ የስንዴ ዛላ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። ፍሬው እዛላው ላይ እንዳለ በቅሏል። አረንጓዴ ጭራ አውጥቷል።

«ሎቤዱን ያቆምሽው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«እኔ ነኝ።»

«ሰው ወድቆበታል?»

«አልወደቀበትም።»

«ታዲያ?»

ፒኑን ላስረዳው ጀመርኩ። ሰማኝ፣ እስከ መጨረሻው። ጨዋ ሰው ነው። ከዚያ «የኔ ስንዴ ግን ወድቋል» ብሎ ወጣ። ዛላውን አልወሰደም።

ያልወደቀ ብረት ምን ብዬ አሳያለሁ? እሱ ግን ስንዴውን አሳየኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ጋሽ ክንዱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። «ቡሬ መብራት መጥቷል። እሄዳለሁ። ቶርኖው ልክ ይፈልጋል» አሉ። ፈቱት።

ፌሮው ነው። የዚያን ቀኑ። እንደ ማጭድ የጎበጠ።

ጉብጠቱን በጣቴ ዳሰስኩ። እሳቸውም እኔን ሳይሆን ብረቱን ነው የሚያዩት።

«ውፍረቱ የዚህን እጥፍ ይሁን እለዋለሁ። ይበቃል?»

«ይበቃል ጋሽ ክንዱ።»

«ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶታል» አሉ። ለምን እንዳሉት አልጠየቅሁም። ጠቅልለው፣ ብብታቸው ሥር አድርገው ሄዱ።

በመስኮት እያየኋቸው አለቀስኩ። ተናድጄ ነው? ወይስ እብድ አለመሆኔ ስለታወቀ?

ሰኞ፣ ኅዳር 29

ፒኑ ገባ። ጋሽ ክንዱ ቶርኖ ቤቱ በር ላይ ሁለት ቀን ተቀምጠው ነው ያመጡት፤ ሰውዬው «ወታደር አስቀምጣችሁብኝ» ብሎ ደወለልኝ። ሰንሰለት ከባሕር ዳር መጣ። ጃኩ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዙት ጎማዎች ተቀየሩ። ሌሊቱን አቆይቼ ለካሁ፤ ምልክቱ ንቅንቅ አላለም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 3

ደብዳቤው ደረሰኝ። ቋሚ አይደለሁም። የሙከራ ጊዜዬ በሦስት ወር ተራዝሟል፣ ማስጠንቀቂያም አለበት። አንብቤ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ሥራ ነበረን።

የእንድሪያስ መንደር ገባን። የተረፈውን አጭደን ኮምባይነሩን ልንጭን ነው። እንድሪያስ ሰላም አላለኝም። ከሩቅ ቆሞ ያያል።

ምላሱ ተነስቶ ቆሟል። ጋሽ ክንዱ እጃቸውን ማንሻው ላይ አድርገው «ትሕትና፣ ላውርድ?» አሉ። አሁን እንዲህ ነው የሚሉት፣ ሁልጊዜ። እኔ እሺ ሳልል አይነኩትም።

ዞሬ አየሁ። ከምላሱ በስተኋላ አንዲት አሮጊት ቃርሚያ ይለቅማሉ። ኮምባይነሩ የጣለውን ዛላ፣ አንድ በአንድ፣ ጎንበስ ብለው። ብረቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ናቸው።

«እናቴ! ከዚያ ይውጡ። ብረቱ ይወርዳል፣ ይገድልዎታል።»

ቀና አሉ። ጆሮአቸው ደከም ያለ ነው። «ምን አልሽ?»

ሄድኩ። ክንዳቸውን ያዝኩና ወደ ላይ አሳየኋቸው። «ይኼ ብረት እዚህ ላይ ነው የሚወርደው። እስኪወጡ እንጠብቃለን።»

«እኔን ነው የምትጠብቁ? ይኼ ሁሉ መኪና?»

«እርስዎን ነው።»

«ታዲያ ይቺን ልጨርሳ» አሉ፣ እግራቸው ሥር ያለችውን እያሳዩ። እንዴት እምቢ ልበል! ዛላዎቹን አብሬ ለቀምኩላቸው፣ ቀሚሳቸው ላይ ጨመርኩ፣ ይዣቸው ወጣሁ። ደጀኔ የኮምባይነሩን ሞተር አጥፍቶ በጥርሱ ገለባ ይዟል። ጋሽ ክንዱ ጥሩንባ አልነፉም። እንድሪያስም እዚያው ቆሞ አየ።

አሮጊቷ ድንበሩን ተሻግረው፣ መርቀውን፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ግራ ቀኙን ድጋሚ አየሁ። ማንም የለም።

«አውርዱት፣ ጋሽ ክንዱ።»

ወረደ።